ከሞጣ እስከ ዶሃ፦ ኳታር ለመግባት የሚያስፈልጉ ወረቀቶች በቅደም ተከተላቸው

ኳታር በስፋት ከምሥራቅ ጎጃም ዞን ታንሳለች። ዞኑ 14,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኳታር ግን 12,000 እንኳ አትሞላም። ከነዋሪዎቿ ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በሯ ላይ ሦስት ነገር አጥብቃ ትጠይቃለች፦ ማን አስመጣዎት፣ ለምን ሥራ መጡ፣ እስከ መቼስ ይቆያሉ? የሦስቱም መልስ ቪዛው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በሞጣና በቢቸና ስለ ዓረብ አገር ሲወራ ብዙውን ጊዜ ወሬው የሚጀምረው ከቪዛው ነው። «ቪዛ አለ፣ ብሩን ቶሎ አምጡ» ይባላል። በሬ ይሸጣል፣ እቁብ ይለመናል፣ ብድር ይገባል፤ ፓስፖርቱና ሥልጠናው ከዚያ በኋላ በጥድፊያ ይለቀማል። ይህ መመሪያ መንገዱን ከሌላው ጫፍ ይጀምራል። ቪዛ ከመጨረሻዎቹ ወረቀቶች አንዱ ነው። ከእሱ የሚቀድሙት በየተራቸው ከተሟሉ፣ የሚመጣልዎት ቪዛ እውነተኛ መሆኑን ራስዎ ያጣራሉ፤ ካልጣመዎትም «ይቅርብኝ» ለማለት አቅም ይኖርዎታል። ገንዘቡ አስቀድሞ ከወጣ ግን ዕዳው ራሱ እየገፋ ያስኬድዎታል።

መመሪያው በዋናነት ለሥራ ለሚሄዱ ነው። ለጉብኝት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ለሚሄዱም የሚሆነውን በየቦታው ጠቅሰናል።

1. በመጀመሪያ የጉዞውን ዓይነት ይለዩ

*የጉብኝት ቪዛ።* የኳታር መንግሥት «ሐያ» በሚባለው የኢንተርኔት መድረክ በኩል የሚሰጠው ነው። ፓስፖርትዎ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ቢሆን ይሻላል። የመመለሻ ትኬት፣ የሚያርፉበት ሆቴል ወይም የአስተናጋጅዎ አድራሻ ይጠየቃል። ከጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጎብኚ ሁሉ የጤና መድን መግዛት አለበት፤ ዋጋው በወር 50 ሪያል ነው። በዚህ ቪዛ ሥራ መሥራት ክልክል ነው። ቀኑ አልፎ የቆየ ሰው በየቀኑ 200 ሪያል ይቀጣል።

*የሥራ ቪዛ።* አንድ ቀጣሪ በስምዎ የሚያወጣው ነው። ቀጣሪው ግለሰብ ከሆነ የቤት ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ አትክልተኛ ወይም ሞግዚት ተብለው ይገባሉ። ድርጅት ከሆነ ደግሞ የድርጅቱ ሠራተኛ ይሆናሉ። ሁለቱ የሚተዳደሩት በተለያየ ሕግ ነው። የቤት ሠራተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቁጥር 15 ሲሆን፣ የድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በ2004 በወጣው የሥራ ሕግ ቁጥር 14 ይዳኛሉ። ስለዚህ «ሆቴል ጽዳት ነው» ተብለው ቪዛው ላይ «የቤት ሠራተኛ» የሚል ካገኙ፣ ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ የሥራ ሰዓትዎና የሚከራከሩበት ሕግ ጭምር ይለወጣል።

*«ፍሪ ቪዛ» ወይም «አዛድ»።* በሕግ እንዲህ የሚባል ቪዛ የለም። አንድ ሰው በስሙ ቪዛ አውጥቶ ይሸጥልዎታል፣ እርስዎ ደግሞ ሌላ ቦታ ሥራ ፈልገው ይሠራሉ ማለት ነው። ስሙ ነጻ ቢሆንም ካፊሉ (ቪዛውን በስሙ ያወጣው ሰው) በየዓመቱ ለኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማሳደሻ እያለ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በስሙ ባልገቡበት ቀጣሪ ዘንድ ያለ ፈቃድ መሥራትም በኳታር ሕግ ጥፋት ነው። ደመወዝ ቢከለከሉ የሚከሱት ቀጣሪ በወረቀት ላይ የለም።

በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ሥራ መፈለግም ከዚሁ ወገን ነው። ቦሌ ላይ ሊመለሱ ይችላሉ። ካለፉም የኢትዮጵያ ኤምባሲ የማያውቀው፣ ውል የሌለው ሠራተኛ ይሆናሉ።

2. ስምዎንና ዕድሜዎን አንድ ያድርጉ

ከወጪ አንጻር ርካሹ፣ ከተበላሸ ግን ለማስተካከል አስቸጋሪው ደረጃ ይህ ነው። የመታወቂያ፣ የፋይዳ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የብቃት ማረጋገጫና የፓስፖርት ስም በፊደል ደረጃ አንድ መሆን አለበት።

የልደት ምስክር ወረቀቱን ከቀበሌዎ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያውጡ። በአገራችን በወጥነት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ሁሉ ዘግይቶ የሚመዘገብ ነው። በዚህ ጊዜ የተነገረው ዕድሜ ነው የሚጻፈው፤ ከአፍ ያመለጠ ቁጥር ለዘለቄታው ተጽፎ ይቀራል። ከመሄድዎ በፊት ከወላጆችዎ ጋር ትክክለኛውን ዓመትና ወር ይነጋገሩ።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ ደግሞ ይጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የተወለደ ሰው 7 ዓመት ይጨምራል፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ 8 ዓመት። መስከረም 10 ቀን 1993 የተወለደች ልጅ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 20 ቀን 2000 ናት፤ የካቲት 10 ቀን 1993 የተወለደችው ግን ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2001። አንዱ መዝገብ ላይ 2000፣ ሌላው ላይ 2001 ከተጻፈ ሁለት ሰው ይመስላሉ።

በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ስም ራስዎ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጠው ጸሐፊ እንደመሰለው እንዲጽፈው አይተዉለት። የአባትና የአያት ስምም እንዲሁ። በዓረብ አገር ቅጾች ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚገባ አንድ ፊደል ቢሳሳት ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም።

ዕድሜ ማስጨመር ወይም ማስቀነስ አያዋጣም። የኢትዮጵያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው አይልክም። የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግም ከ18 ያነሰ ወይም ከ60 የበለጠ ሰው መቅጠር ይከለክላል። የሐሰት ዕድሜ ይዞ የሄደ ልጅ ችግር ሲገጥመው በእውነተኛ ዕድሜው ጥበቃ ለመጠየቅ ይቸገራል፤ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርበታልና።

3. ፓስፖርት ያውጡ

ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ለሞጣ ሰው የሚቀርበው ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ያለው ነው፤ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ማመልከቻው የሚሞላው በአገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ ነው። ኢንተርኔት ቤት ሄደው ሲያስሞሉ ስክሪኑን ራስዎ ያንብቡ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታና የስልክ ቁጥር ከላይ ባዘጋጁት ወረቀት መሠረት መግባቱን ሳያረጋግጡ «ላክ» አይበሉ። የሚሰጠው የማመልከቻ ቁጥር በእጅዎ ይኑር።

የመደበኛው አዲስ ፓስፖርት ክፍያ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ 5,000 ብር ሆኗል፤ ለአስቸኳይ የሚከፈለው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ታሪፉ በተደጋጋሚ ስለተለወጠ ከመክፈልዎ በፊት የዕለቱን ይዩ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ የሚፈጸም ስለሆነ በመካከል በእጅ ብር የሚቀበል ሰው አያስፈልግም።

በቀጠሮው ቀን ዋናውን መታወቂያና ዋናውን የልደት ምስክር ወረቀት ይዘው ራስዎ ይቅረቡ፤ ፎቶና አሻራ የሚወሰደው እዚያው ነው። መንገድ የሚዘጋበትና ኔትወርክ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ አንድ ቀን ቀድመው ባሕር ዳር ቢያድሩ ይሻላል። የማመልከቻውን ወረቀትም በስልክዎ ብቻ ሳይሆን አትመው ይያዙት።

ፓስፖርቱ በእጅዎ እንደገባ ፎቶ ያለበትን ገጽ ሦስት ኮፒ ያንሡ፦ አንዱ ቤት ይቀራል፣ አንዱ ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱ በሰውነትዎ ላይ። ዋናውን ለደላላ ወይም «ላሳይልህ» ለሚል ሰው አይስጡ። የሚያስረክቡት ፈቃድ ላለው ኤጀንሲ ሲሆን፣ የተረከበበትን የተፈረመ ወረቀት ይቀበሉ።

4. ይመዝገቡ፣ ይሠልጥኑ፣ ይፈተኑ

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚመራው በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 923 እና እሱን ባሻሻለው በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1246 ነው። የመጀመሪያው አዋጅ የወጣው፣ መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን ካገደ በኋላ ነው። እገዳው በ2010 ተነሣ። በእገዳው ዓመታት በየበረሃው የሄደው ሰው ስንት እንደተንገላታ የሰማ ሁሉ፣ አሁን ያለው ሕጋዊ መንገድ ቢረዝምም ለምን እንደሚሻል ይገባዋል።

ምዝገባው የሚጀምረው ከሚኖሩበት ከተማ ወይም ወረዳ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ነው፤ በአገር አቀፉ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ ስምዎ ይገባል። ከዚያ ሥልጠናው አለ፦ የቤት አያያዝ፣ የሕፃናትና የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የዓረብኛ መግባቢያ። ሥልጠናውን ጨርሰው የብቃት ምዘና ይወስዳሉ፤ ብዙዎች «ሲኦሲ» የሚሉት ማለት ነው። ሳይሠለጥኑ የምስክር ወረቀቱን የሚሸጥልዎ ሰው ካለ፣ የሸጠልዎ ኤሌክትሪክ ምድጃና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ፊት የሚያፍሩበትን ቀን ነው። ባለቤቲቱ በማያውቁት ቋንቋ በምትጮህበት ቤት የሚያድነው የሠለጠነ እጅና ጥቂት የዓረብኛ ቃል ነው።

5. ኤጀንሲውን ከመፈረምዎ በፊት ያጣሩ

ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተመዘገበ ነው፤ ሠራተኛው ቢበደል መያዣ የሚሆን ገንዘብም በባንክ ዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ሕጉ ያስገድደዋል። ሞጣ ድረስ መጥቶ የሚመዘግብዎ ሰው «የኤጀንሲው ተወካይ ነኝ» ቢል የኤጀንሲውን ሙሉ ስምና የፈቃድ ቁጥር ይጠይቁ፣ ከዚያ ወደ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቱ ወስደው ያጣሩ። ፈቃዱ ለየትኛው አገር እንደሆነም ይጠይቁ። ወደ ኳታር የሚልክ ኤጀንሲ ኢትዮጵያ ከኳታር ጋር ባላት የሠራተኛ ስምሪት ስምምነት መሠረት መሥራት አለበት።

ወጪውን ማን እንደሚችል በአዋጁ ተጽፏል። ይህን ዝርዝር በወረቀት ገልብጠው ለቤተሰብዎ ያንብቡላቸው።

የቀጣሪው ወጪ፦
– የቪዛ ክፍያ
– የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት
– የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ
– የመድን ዋስትና
– የሥራ ውሉን ለማጽደቅ የሚከፈለው

የሠራተኛው ወጪ፦
– ፓስፖርት
– የልደት ምስክር ወረቀት
– ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያረጋግጥ ማስረጃ
– የጤና ምርመራና ክትባት
– የብቃት ማረጋገጫ
– የሰነድ ማረጋገጫ

«የቪዛ» ወይም «የትኬት» ተብሎ ብር ከተጠየቁ፣ ከላይ ባለው ዝርዝር መሠረት የእርስዎ ዕዳ አይደለም። ይህን ማወቅ ብቻ ስንት በሬ ከገበያ ያስመልሳል። ሕገወጥ ደላላን የሚቀጣው ሕግ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ነው፤ ሰውን በማታለል ወደ ውጭ መላክ በከባድ እስር ያስቀጣል። ደላላው የአክስት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ መሆኑ ነገሩን አያቀለውም።

6. ውሉን ያንብቡ፣ ያስነብቡ

ውሉ ከቪዛው በፊት ይመጣል። በሚገባዎት ቋንቋ ካልቀረበልዎ አይፈርሙ። የቀጣሪው ስምና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ ምግብና መኖሪያው፣ የውሉ ዘመን፣ በሕመም ወይም በሞት ጊዜ የሚደረገው ሁሉ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ውሉን የሚመዝኑበት ሚዛን የኳታር ሕግ ራሱ ነው፦

– ከማርች 20 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፤ የቤት ሠራተኛንም ይጨምራል። ቀጣሪው መኖሪያ ካልሰጠ 500፣ ምግብ ካልሰጠ 300 ሪያል ይጨምራል። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ3.64 ሪያል የተቆረጠ ስለሆነ 1,000 ሪያል 275 ዶላር ገደማ ነው።
– ለቤት ሠራተኛ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት አይበልጥም፤ ለጸሎት፣ ለምግብና ለማረፊያ የሚሆን ጊዜም አለ።
– በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ፣ ክፍያ ያለው የዕረፍት ቀን ይገባል።
– በዓመት ሦስት ሳምንት ፈቃድ ከክፍያ ጋር፣ በየሁለት ዓመቱም የደርሶ መልስ ትኬት አለ።
– ሥራው ሲያበቃ ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ ይታሰባል።
– ደመወዝ በወሩ ማብቂያ፣ ቢዘገይ ከተከታዩ ወር ሦስተኛ ቀን ሳያልፍ መከፈል አለበት። ለቅጥር የወጣ ወጪ ከደመወዝ አይቆረጥም።

ውሉ ከዚህ ያነሰ ከጻፈ ምክንያቱን ይጠይቁ። ሚኒስቴሩ ያጸደቀውን ውል ኮፒ አንድ ለራስዎ፣ አንድ ለቤተሰብዎ ያስቀሩ። ከመብረርዎ በፊት የሚሰጠውን የቅድመ ጉዞ ገለጻም «የታወቀ ነገር ነው» ብለው አይለፉት፤ የኤምባሲው አድራሻና አቤቱታ የሚቀርብበት መንገድ የሚነገረው እዚያ ነው።

7. ሜዲካል እና ክትባት

ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሆነው የጤና ምርመራ የሚደረገው በእነሱ በተፈቀዱ ማዕከላት ብቻ ነው። ሌላ ሆስፒታል ያወጡት ውጤት ለቪዛ አያገለግልም። የሚታየው በዋነኛነት የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ቂጥኝና እርግዝና ነው። ውጤቱ የሚያገለግልበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ውልዎ ሳይቆረጥ ቀድመው አያድርጉት፤ ጊዜው ካለፈ እንደገና ይከፍላሉ።

ከመሄድዎ በፊት በሞጣ ሆስፒታል ራስዎን ቢያስመረምሩ ብልህነት ነው። ሳል ያለበት ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ከሚወድቅ እዚሁ ታክሞ ቢድን ገንዘቡም ጤናውም ይተርፋል። ኳታር ሲደርሱ ምርመራው ስለሚደገም፣ አዲስ አበባ ላይ ውጤት ገዝቶ ማለፍ ዶሃ ላይ መመለስን አያስቀርም።

ቢጫ ወባ ያለባቸው ተብለው ከሚቆጠሩ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለሆነች ብዙ አገሮች የክትባቱን ቢጫ ደብተር ይጠይቃሉ። ክትባቱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተወሰደ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። መጨረሻ ሳምንት ላይ አያድርጉት።

8. ቪዛው ሲመጣ እንዴት ይነበባል?

የኳታር ቪዛ በኤሌክትሮኒክ የሚወጣ፣ በወረቀት የሚታተም ነው። ዓረብኛ የሚያነብ ሼህ ወይም ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ፈልገው አንድ በአንድ ያስነብቡ፦

1. ስምዎና የፓስፖርት ቁጥርዎ ከፓስፖርቱ ጋር ይገጥማል?
2. ዜግነት «ኢትዮጵያ» ይላል?
3. የቪዛው ዓይነት ሥራ ነው ወይስ ጉብኝት?
4. የተጻፈው ሙያ ውሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው?
5. የቀጣሪው ስም ውሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው?
6. እስከ መቼ መግባት ይፈቅዳል?

ከዚያ የኳታር አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽን ይክፈቱ። የቪዛ ቁጥሩን ወይም የፓስፖርት ቁጥሩን አስገብተው ቪዛው በእርግጥ መኖሩን ማንም ሰው በነጻ ማየት ይችላል። ደላላው የላከው ፎቶ ብቻ ከሆነና ድረ ገጹ ላይ ካልተገኘ ቪዛ አልመጣም ማለት ነው። ከስድስቱ አንዱ ካልገጠመም ትኬት አይቆረጥ፤ ማስተካከል የሚቻለው አገር ውስጥ እያሉ ነው።

9. ጓዝና የበረራ ቀን

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። «02:00» የሚለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። «ማርች 15፣ 02:00» የሚል ትኬት የያዘ ሰው ማርች 14 ማታ ቦሌ መገኘት አለበት፤ በ15ኛው ቀን ማታ ቢመጣ አውሮፕላኑ ከሄደ ውሏል። ኳታርና ኢትዮጵያ በሰዓት አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የአቆጣጠራችን ነው። ሞጣ ካሉ ደግሞ በቢቸናና በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ የሚደርሱበትን ቀን ከበረራው ቢያንስ ሁለት ቀን ያስቀድሙ።

ሻንጣ ውስጥ የማይገቡ፦ አረቄ፣ ጫት፣ የአሳማ ሥጋ። ጫት በኳታር ከአደንዛዥ ዕፅ የሚቆጠር ነው። ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሐኪም ማዘዣ በእንግሊዝኛ ይኑርዎት፤ ካልሆነ ይተዉት። በላስቲክ የተቋጠረ የዱቄት መድኃኒትና ቅጠላ ቅጠል ለፈታሹ ምን እንደሆነ ማስረዳት ከባድ ነው። በርበሬና ሽሮ ከያዙ በደንብ የታሸገና ምልክት ያለበት ይሁን።

አደራ አይቀበሉ። «እዚያ ላለችው እህቴ ነው፣ ትንሽ ነገር» የሚባል ጥቅል ፊትዎ ተፈትቶ ካልታየ ዘመድም ቢሆን እምቢ ይበሉ። ሻንጣው የማን ነው ተብሎ የሚጠየቀው ተሸካሚው ነው።

በእጅ ቦርሳ የሚያዙት ፓስፖርት፣ የታተመ ቪዛ፣ ውል፣ የሕክምና ውጤት፣ የክትባት ደብተርና ትኬት ናቸው። የቀጣሪውን፣ የኤጀንሲውን፣ የዶሃውን የኢትዮጵያ ኤምባሲና የቤተሰብዎን ስልክ ደግሞ በወረቀት ይጻፉ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይወሰዳልም።

10. ሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሱ በኋላ

የኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ፓስፖርትና ቪዛ ይሰጣሉ። ለምን መጡ ቢባሉ ቪዛው ላይ ያለውን ሙያ ይናገሩ። ከዚያ በኋላ የጤና ምርመራ፣ አሻራና የመኖሪያ ፈቃድ ይከተላሉ። መኖሪያ ፈቃዱን ማስጨረስ የቀጣሪው ግዴታ ነው። «ባጣቃ» የሚሉት የመታወቂያ ካርድ በእጅዎ እስኪገባ ድረስ ቀኑን እየቆጠሩ ይጠይቁ፤ ያለ እሱ ሐኪም ቤትም ባንክም ይቸግራል።

የመኖሪያ ፈቃዱ ወጥቶ ጉዳዩ እንደተጠናቀቀ ፓስፖርትዎ ሊመለስልዎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሕግ ቁጥር 21፣ ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ «ያዝልኝ» ካላለ በቀር ቀጣሪ ፓስፖርት እንዳይይዝ ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ 25,000 ሪያል ይደርሳል። «ለጥበቃ ነው» ቢሉዎት እንኳ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

ሁለት የተለወጡ ነገሮች አሉ፤ የቆዩ ሰዎች ወሬ ከእነዚህ ጋር ላይገጥም ይችላል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ከአገር ለመውጣት የቀጣሪ ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ከ72 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ግን አለባት። ከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጀምሮ ደግሞ ቀጣሪ ለመለወጥ የቀድሞው ካፊል የይሁንታ ወረቀት አይጠየቅም። ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በታች የሠራ ሰው የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ የሠራ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በሠራተኛ ሚኒስቴሩ በኩል ሰጥቶ ይለወጣል። ስለዚህ ቤቱ ካልተመቸዎት «ጠፍቶ መሥራት» ብቸኛው መውጫ አይደለም። ጠፍተው ከወጡ ከሕግ ውጭ ይሆናሉ፤ አስታውቀው ከወጡ ግን መብትዎ ከእርስዎ ጋር ይሄዳል። አደጋ ከገጠመ 999 ይደውሉ።

የመጀመሪያው ደመወዝ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ደረሰኝ፣ የባንክ መልእክት ወይም በማስታወሻ ደብተር የተጻፈ ቀንና መጠን ይያዙ። ክርክር ሲነሣ የሚታየው ይህ ነው። ወደ ቤት የሚልኩትንም በባንክ ይላኩ፤ በሰው እጅ የሚላክ ብር ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም።

ከቤት ሳይወጡ፦ ለቤተሰብ የሚቀር ፋይል

የፓስፖርት፣ የውልና የቪዛ ኮፒ፣ የኤጀንሲው ደረሰኞችና የቀጣሪው አድራሻ በአንድ ላስቲክ ተደርጎ፣ ማንበብና መጻፍ ለሚችል አንድ የቤተሰብ አባል ይሰጥ። ያ ሰው ችግር ቢሰማ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወቅ፦ መጀመሪያ የላከው ኤጀንሲ፣ ቀጥሎ የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል የዶሃው ኤምባሲ። ስልክ ሲጠፋ «ማንን እንጠይቅ?» እየተባለ የሚባክኑት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውድ ናቸው፤ የቪዛ ቁጥርና የቀጣሪ ስም የያዘ ቤተሰብ ግን በዚያው ዕለት አቤቱታ ማስገባት ይችላል።

መሄድዎን ከመወሰንዎ በፊት ይህን ሒሳብ ከቤተሰብዎ ጋር ይሥሩ፦ ለመንገዱ የሚወጣው የእርስዎ ድርሻ ስንት ነው፣ ከ1,000 ሪያል ላይ በየወሩ ስንት ይተርፋል፣ ብድሩ በስንት ወር ይከፈላል? ከላይ የተዘረዘረውን የሠራተኛ ድርሻ ብቻ ከከፈሉ ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ ይገጥማል። የማይገጥመው የቀጣሪው ወጪ በእርስዎ ላይ ሲጫን ነው፤ ያን ጊዜ ቪዛው እውነተኛ ቢሆን እንኳ አይሂዱ።